ልጄ የተሰረቀ መኪና ውስጥ ተያዘ፤ አገር ቤት ልላከው?

ቁልፍ ያዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ጽፌ አላውቅም። ስሜን አልጠቅስም። ከጽሑፉ የምታውቁኝ ካላችሁ እባካችሁ እንዳላወቃችሁ ሁኑልኝ። ባለቤቴ ለማኅበር ሰዎች «ኳስ ሲጫወት ነው እጁን የተሰበረው» ብላለች።

ሥራዬ ፓርኪንግ ነው። ዲሲ መሀል፣ አንድ ሆቴል ሥር፣ ሦስት ፎቅ ወደ ታች። አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ቁልፍ ስቀበልና ስመልስ ኖሬያለሁ። ልጄ ዳይፐሩም፣ ጫማውም፣ ስልኩም የተገዛው በዚያ ነው። አንድም ቁልፍ ጠፍቶብኝ አያውቅም። አንዴ ብቻ የአንድ ሽማግሌ ቁልፍ በስህተት ኪሴ ውስጥ ይዤ ቤት ገባሁ። ሌሊቱን ተመልሼ ሄጄ ሰጠሁ።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እጄ ላይ የአንድ እንግዳ ቁልፍ ነበር። ፖሊስ ነው። ልጅህ እኛ ጋ ነው አለኝ። ልጄማ ቤት ተኝቷል አልኩት። የበዓሉ ዶሮ ገና ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ማታ አብረን በልተን ነው የወጣሁት። ስሙን ፊደል በፊደል ነገረኝ።

ልጁ 15 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። በፈረንጆቹ 2012 በዲቪ ስንመጣ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። አራት ልጆች ናቸው። የሚነዳው 16 ዓመቱ ነው፣ የኔው ከኋላ ነበር። ነዳጅ ማደያ ላይ ፖሊስ አያቸው። መብራት ሲበራባቸው የሚነዳው ልጅ ተፈተለከ። ሩቅ አልሄዱም፣ ምሰሶ ገጩ። አራቱም አራት ቦታ ተበታትነው ሮጡ። የኔው አጥር ሲዘል ወድቆ የግራ እጁን አንጓ ሰበረ። ስደርስ እጁ ዳቦ አክሎ አብጧል።

መኪናው የአንዲት ነርስ ነው። ሌሊት ሠርታ ስትወጣ ያቆመችበት ቦታ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘችው። ባለቤቴም ሌሊት ነው የምትሠራው፣ አረጋውያን ትንከባከባለች። ወረቀቱን ሳነብላት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ዕቃ።

አሁን ማንንም ያልጠየቅኩት ነገር። መኪና ውስጥ ስንገባ «ለምን ሮጥክ? ጥቁር ልጅ ከፖሊስ ይሮጣል? ቢተኩሱብህስ?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «አንተም ሮጠሃል እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከ97 ምርጫ በኋላ፣ ጥቅምት 1998 ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ሲታፈስ 19 ዓመቴ ነበር። የሰፈር ጓደኞቼ ተጭነው ዴዴሳ እስር ካምፕ ወረዱ። እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሰው አጥር ዘልዬ ገባሁ። አንዲት እናት የበርበሬ ጆንያ ጀርባ ደበቁኝ። ሳስነጥስ በነጠላቸው አፌን ይይዙኝ ነበር። ይህን ታሪክ ለልጄ ቡና በተፈላ ቁጥር ነግሬዋለሁ። እየሳቅኩ። እኔ ምንም አልሰረቅኩም፣ ልዩነቱ ያ ነው፤ ግን በዚያ ሌሊት ላስረዳው አፌ አልፈታ አለ።

በ2025 ነሐሴ ላይ ዲሲ ውስጥ ወታደር ሲገባ፣ ነገሩን ካቀጣጠሉት አንዱ የመኪና ቅሚያ ሙከራ እንደሆነ ሰምታችኋል። የተያዙት ሁለት የ15 ዓመት ልጆች የሀያትስቪል ናቸው፣ ከኛ ቤት ቅርብ። ያኔ ዜናውን እያየሁ «ወላጅ የላቸውም እንዴ እነዚህ?» ብያለሁ። ልጄ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ «ላከው፣ እናታችን ጋ ጉለሌ ሁለት ዓመት ይቀመጥ፣ ልቡ ይመለሳል» ይላል። ባለቤቴም ቲኬት እያየች ነው። የሞከራችሁት አላችሁ? ሁለተኛ፣ ልጁን እዚያው «ለፖሊሱ እውነቱን ንገረው» ስለው ፖሊሱ ራሱ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር አይሆንም አለኝ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ? እኔ ሲቲዝን አይደለሁም። ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ተሞልቶ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ፈተናው እያስፈራኝ።

ባለካምሪው

ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። ግን ከሌላው ወገን ያለውንም ስማ።

በ2023 ክረምት፣ ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ውስጥ ሰው አድርሼ ስወጣ ሦስት ልጆች መኪናዬን ቀሙኝ። አንዱ መሣሪያ አንገቴ ላይ አደረገ። «ውጣ» ሲል ድምፁ ገና አልጎረነነም። የልጅ ድምፅ ነው። ዛሬም ድረስ በሕልሜ የሚመጣው ጠመንጃው ሳይሆን ያ ቀጭን ድምፅ ነው። ዲሲ ውስጥ በዚያ ዓመት ብቻ ከ900 በላይ መኪና በማስፈራራት ተቀምቷል። ኡበር የምንሠራ ሐበሾች ሌሊት ሌሊት እየተደዋወልን ነበር የምንነዳው። በ2021 ደግሞ ምግብ የሚያደርስ የ66 ዓመት ፓኪስታናዊ ሲሞት አይታችኋል። የቀሙት የ13 እና የ15 ዓመት ሴት ልጆች ናቸው። ሰውየው መኪናዬን አልሰጥም ብሎ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሞተው። ለምን አልለቀቀም የሚል ሰው የመኪና ክፍያ ኖሮበት አያውቅም።

የኔ ካምሪ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተገኘ። የኋላ ወንበር ላይ የቺፕስ ላስቲክ፣ የፈሰሰ ጭማቂና አንድ እግር የልጅ ጫማ ነበረበት። አንድ እግር ብቻ። አምስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ።

እና አገር ቤት መላክ ምንድነው? ሌላ ሰው ላይ መጣል ነው። እናትህ ምን አጠፉ? ይልቅ ይዘኸው ሂድና ያቺን ነርስ ዓይኗን እያየ ይቅርታ ይጠይቃት።

የሁለት ወንዶች እናት

እኔ ልኬ አይቻለሁ። ትልቁን በ14 ዓመቱ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ላክሁት። የኔው ስርቆት አልነበረም፣ ከትምህርት ቤት መጥፋትና ማጨስ ነበር። አሥራ አንድ ወር ቆየ። አማርኛው አንበሳ ሆኖ ተመለሰ። ሌላው እንደነበረ ነው። እንዲያውም እዚያ የዲያስፖራ ልጅ ተብሎ ኪሱ ሞልቶ፣ የሚከተለው በዝቶ ነበር። እዚህ ሲመለስ ደግሞ ክፍል ወደ ኋላ ቀረ፣ ጓደኞቹ ቀድመውት አለፉ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የጠፋብኝ።

ቲኬቱን እንዳትቆርጪ በላት ለባለቤትህ። ዕቃ ማጠቡን አውቀዋለሁ።

ተርጓሚዋ

ወንድሜ፣ እኔ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ከወላጆች ጎን ተቀምጬ የምሰማውን ነው የምነግርዎት፣ ከልጅዎ ጠበቃ ጋር ያረጋግጡት።

ፖሊሱ ያደረገው ትክክል ነው። ሜሪላንድ በ2022 ያወጣችው ሕግ አለ፤ ልጅ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ከመጠየቁ በፊት ከጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት። እኛ ወላጆች «እውነቱን ተናገርና ይማሩህ» እንላለን፣ በቤታችን ደንብ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ልጁ የሚናገረው የራሱን ብቻ አይደለም፣ የሌሎቹን ሦስት ልጆችም ነው። ይማሩህ የሚል ሰው ደግሞ እዚያ የለም። ጠበቃ መግዛት ካልቻሉ የመንግሥት ጠበቃ ይጠይቁ።

አገር ቤት መላክ። ጉዳዩ ሳይዘጋ አይሞክሩት። ቀጠሮ ላይ ካልተገኘ ይዛችሁ አምጡ የሚል ትእዛዝ ይወጣበታል፣ ያኔ ነው በእርግጥ የሮጠ የሚባለው። ጉዳዩ ቢያልቅም እንኳ ግሪን ካርድ ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው፣ ቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣ፣ በዚያ ካርድ ብቻ መመለስ አይችልም። ወንድምዎ ሁለት ዓመት ያሉት ነገር ልጁን አሜሪካን ሊያሳጣው ይችላል።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርዎትን ልንገርዎት። በልጆች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባል ለኢሚግሬሽን እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በፈረንጆቹ 2000 የወሰነው ነው። ዳኛና መኮንን ታሪኩን ያዩታል፣ ምንም አይነካውም አልልም፣ ግን እንደ አዋቂ ፍርድ አይደለም። ልዩነቱ ዕድሜና የክሱ ዓይነት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 16 የሞላው ልጅ በማስፈራራት መኪና ቀማ ተብሎ ከተከሰሰ በቀጥታ አዋቂዎች ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ዲሲም በከባድ ወንጀል የ16 እና የ17 ዓመት ልጅን ዓቃቤ ሕጉ እንደ አዋቂ ሊከሰው ይችላል፣ ቅሚያው በመሣሪያ ከሆነ ለአዋቂ ትንሹ ቅጣት 15 ዓመት ነው፣ ከ18 በታች ለሆነ ግን ዳኛው ከዚያ ሊያሳንሰው ይችላል። የእርስዎ ልጅ 16 ሊሞላው ስምንት ወር ቀርቶታል። የቆመ መኪና ውስጥ ገብቶ ከመንዳት ሰው ከመኪናው እስከ ማስወረድ ያለው መንገድ አጭር ነው። አንድ ክረምት ውስጥ ሲያልቅ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የሚያገኛችሁ ዳኛ አይደለም። የወጣቶች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ኢንቴክ ይሉታል። ጉዳዩን ሊዘጋው፣ ያለ ፍርድ ቤት በክትትል ሊይዘው ወይም ለዓቃቤ ሕግ ሊልከው ይችላል። ያን ቀን አባት ሥራ አስፈቅዶ መምጣቱ፣ ልጁ ትምህርት ቤት መሄዱ፣ ማታ የት እንደሚሆን መታወቁ ይታያል። ለመኪናው ጉዳት ካሳ ቢታዘዝ ወላጅም ሊከፍል ይችላል፣ ጣሪያው 10,000 ዶላር ነው።

ባለካምሪው ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል። ግን ጠበቃው ሳያውቅ ወደ ተበዳይዋ ቤት እንዳይሄዱ። ምስክር ማባበል ሊመስል ይችላል።

መሳቢያው ውስጥ ያለው ፎርም ደግሞ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። ልጅዎ 18 ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ይዞ አብሮዎት እየኖረ እርስዎ ሲቲዝን ከሆኑ፣ እሱም ያኔውኑ ይሆናል። ያለ ፈተና። እርስዎን ያስፈራዎት ፈተና ሁለት ሰው ነው የሚያሳልፈው። በዚህ ጊዜ ከማስገባትዎ በፊት ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩት።

ሳልቫቶሬ ጋራዥ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ቦዲ ሾፕ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ልጆቹን ነው የምታወሩት። መኪናውስ?

ቁልፍ ውስጥ ቺፕ አለ። መኪናው ቺፑን ካላወቀው ሞተር አይነሳም። ካናዳ ይህን ከ2007 ጀምሮ በአዲስ መኪና ላይ ግዴታ አድርጋለች። አሜሪካ አላደረገችም። ስለዚህ ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ኪያዎች፣ ከ2015 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ሀዩንዳዮች፣ በቁልፍ የሚነሱት፣ ያለ ቺፕ ወጡ። ሚልዋኪ ያሉ ልጆች ደረሱበት። በ2022 ክረምት ያለ ቁልፍ እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ገባ፣ ከዚያ ያለው ይታወቃል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ባፋሎ ከተማ በተሰረቀ ኪያ አራት ወጣቶች ሞተዋል። ኩባንያዎቹ በ2023 የካቲት ሶፍትዌር ማደስ ሲጀምሩ 8.3 ሚሊዮን መኪና ነበር የሚመለከተው። አስቡት፣ ለቺፕ ያልወጣች ትንሽ ሳንቲም።

እኔ ጋ ሲመጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ትንሿ የኋላ መስተዋት ተሰብራ፣ መሪው ሥር ያለው ፕላስቲክ ተገንጥሎ። ሬድዮው አልተነካም። ዕቃ አልተወሰደም። ሌባ እንዲህ አይሠራም። በአገራችን የጎማ ሌባ እኮ ጡብ ላይ አስቀምጦልህ ነው የሚሄድ፣ ሥራውን ያከብራል። ይሄ ጨዋታ ነው። ለዚያ ነው የሚያስፈራኝ፣ ሌባ ሲበቃው ይተዋል።

ኬ ስትሪት አይደለም ኬኔዲ

ጋሼ፣ አማርኛ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው፣ ስሕተት ካለ ይቅርታ። 22 ዓመቴ ነው። ዲሲ፣ ኬኔዲ ስትሪት ነው ያደግኩት። እኔም እንደ ልጅዎ ነበርኩ።

16 እያለሁ ሦስት ጊዜ እንደዚያ ዓይነት መኪና ውስጥ ገብቻለሁ። አንድም ጊዜ አልነዳሁም። ለገንዘብ አይደለም። ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ጆርጂያ አቬኑ ባዶ፣ መስኮት ክፍት፣ ሙዚቃ። እናቴ ሥራ፣ አባቴ ሥራ። ቤት ውስጥ ያለው የፍሪጅ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀን «የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «የአክስቴ ነው» አለኝ። እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። ልጅዎም «የማን ነው» ብሎ ጠይቆ ይሆናል። እሱን ይጠይቁት። ማን ነዳ ብለው አይጠይቁት፣ ስም አይሰጥዎትም፣ ይዘጋብዎታል።

ስለ መሮጥ። በ2020 ጥቅምት ሰፈራችን ውስጥ ፖሊስ ሞፔድ የያዘ የ20 ዓመት ልጅ ሲያባርር፣ ልጁ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። 17 ዓመቴ ነበር። ከዚያ ማታ ማታ ፖሊስ ጣቢያው ፊት ሰው ሞልቶ ጩኸት፣ ጢስ። እናቴ መጋረጃ ዘግታ ጸሎት። ሁለት ፖሊሶች ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፣ በ2025 ጥር ፕሬዝዳንት ትራምፕ ይቅርታ አደረገላቸው። እኛ ልጆች ከዚህ የተማርነው «አትሩጥ» አይደለም። እንዲያውም ቶሎ ሩጥ ነው። ልክ ነው አላልኩም። ልጅዎ ሲሮጥ አላሰበም ጋሼ፣ እግሩ ነው ያሰበው።

እኔ እንዴት ተውኩ? አልተያዝኩም። ጓደኛዬ ግንባሩ መስተዋት ላይ ሲመታ አጠገቡ ነበርኩ። አሁን በደንብ አያወራም። ለአባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። የእርስዎን ልጅ ነገር ቢያንስ እርስዎ ያውቃሉ።

ባለካምሪው

የኬኔዲው ልጅ፣ ለአባትህ ንገረው።

ቁልፍ ያዥ፣ ትናንት የጻፍኩት በንዴት ነው። ስለ ነርሷ ያልኩትን ግን አላነሳም። በደብዳቤ ይሁን። እኔ ደብዳቤ ቢደርሰኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ቀድጄ እጥለው ይሆናል። ግን እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ።

ቁልፍ ያዥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ሳምንት ዘግይቻለሁ።

ቲኬቱ ቀርቷል። ባለቤቴ ለእህቷ እውነቱን ነግራለች፣ ማኅበሩ ገና ኳስ ላይ ነው። ፎርሙን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠበቃ ጋ ወስጃለሁ። አሮጌ ሆኗል፣ እንደ አዲስ ይሞላል አለችኝ። የሲቪክስ ጥያቄውን የሚያጠናኝ ልጄ ነው። ስሳሳት አይስቅብኝም፣ ያ ራሱ ይከብደኛል።

«የማን ነው ብለህ ጠይቀህ ነበር?» አልኩት። ብዙ ቆይቶ «አዎ» አለ። «ምን አሉህ?» «ሳቁ።» ከዚያ በላይ አልሄድንም።

የአፈሳውንም ታሪክ እንደገና ነገርኩት፣ ያለ ሳቅ። ያልነገርኩት ክፍል ነበረው። አብሮኝ ይሮጥ የነበረው ልጅ አጥሩ ላይ እጁን ሲዘረጋልኝ አልያዝኩትም። እሱ ነው ዴዴሳ የወረደው። በሦስት ወሩ ከስቶ መጣ፣ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ልጄ «ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያማ ዲቪ ደረሰኝ።

ደብዳቤውን ጽፏል። እጁ ግራ ስለሆነ መጻፍ አልከለከለውም። ጠበቃዋ ጋ ነው ያለው፣ ጊዜው ሲደርስ እሷ ታያለች።

ባለፈው እሑድ አለቃዬን አስፈቅጄ ሥራ ቦታ ወሰድኩት። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። ቲኬት መቁረጫው ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አንድ እንግዳ ትልቅ ጥቁር መኪና አስገባ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ ቁልፉን ወደኔ ዘረጋና እያወራ ወደ አሳንሰሩ ሄደ። ቦርሳው፣ ላፕቶፑ፣ ሁሉም ውስጥ ነው። ቦታ አስይዤ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ስሰቅል ልጄ ያየኛል።

«አባዬ፣ ሳያዩህ ነው እንዴ የሚሰጡህ?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

ኢንቴክ የሚሉት ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ጠበቃዋ ሸሚዝ ይልበስ ብላለች። ጂፕሱን የሚያሳልፍ እጅጌ ያለው አጥተን ዛሬ ሦስት ሱቅ ዞርን። በመጨረሻ የኔን አለበሰችው እናቱ። ትከሻው ልክ ሆኗል።